የተሰረዘ ፓኬጅ የሚጠይቁ ኮምፒውተሮች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህን የምጽፈው ባሕር ዳር ሆኜ ነው። ዋናው ቢሯችን ከተማው ውስጥ ነው። ቅርንጫፎቻችን ግን ጣናን ዞረው እስከ ጎርጎራ ድረስ ተበታትነዋል። በየቢሮው ላሉት ኮምፒውተሮች ሶፍትዌር የምንጭነው ፓኬጅ በሚባል ጥቅል አድርገን ከአንድ ቦታ፣ በማይክሮሶፍት ኮንፊግሬሽን ማኔጀር ነው። ብዙዎቻችን አሁንም በድሮ ስሙ ኤስሲሲኤም እንለዋለን። በዚሁ ሥራ ላይ ያሉ ጓደኞቼ በጣም የሚደጋግሙልኝ ጥያቄ አንድ ነው። «ፓኬጁን ሰርዤዋለሁ፤ ኮምፒውተሮቹ ግን አሁንም ይጠሩታል።» መልሶቼን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ።

ፓኬጁን ከሰረዝኩት ቆይቷል። ኮምፒውተሮቹ ለምን አሁንም ይጠይቁታል?

የሰረዛችሁት ሰርቨሩ ላይ ያለውን ስለሆነ ነው። ክላየንቱ፣ ማለትም እያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ ያለው የኮንፊግሬሽን ማኔጀር ክፍል፣ ትዕዛዙን አስቀድሞ ወስዶ በራሱ ሆድ ውስጥ አስቀምጦታል።

አንድ ፓኬጅ ሦስት ነገር ነው። አንደኛው ፋይሎቹ ናቸው። ሁለተኛው ዳታቤዙ ላይ ያለው መዝገብ ነው። ሦስተኛው «ይህን ጫን» የሚለው ትዕዛዝ፣ ማለትም ዲፕሎይመንቱ ነው። ትዕዛዙ ፖሊሲ ሆኖ ወደ እያንዳንዱ ኮምፒውተር ይወርዳል። ኮንሶሉ ላይ፣ ማለትም እኛ በምንሠራበት መቆጣጠሪያ መስኮት ላይ፣ ስትሰርዙ ሦስቱም የጠፉ ይመስላል። ክላየንቱ ግን መሰረዙን የሚያውቀው ቀጥሎ ፖሊሲ ሊወስድ ሲመጣ ብቻ ነው። ካልቀየራችሁት በስተቀር ይህ በየ60 ደቂቃው ነው።

60 ደቂቃ የሚሠራው ኮምፒውተሩ ከበራና ኔትወርክ ካለው ነው። ላፕቶፑ ተዘግቶ ቦርሳ ውስጥ ከሆነ፣ ወይም ቅርንጫፉ መብራት ከሄደበት ሁለት ቀን ከሆነው፣ ያ አንድ ሰዓት ገና አልጀመረም። ስለዚህ ጥያቄውን ስታዩ መጀመሪያ «ሰርቨሩ ምን ሆነ?» አትበሉ። «ይህ ኮምፒውተር ትዕዛዙን ከማን፣ መቼ ተቀበለ?» በሉ። ከዚህ በታች የምላቸው ሁሉ ከዚህች ጥያቄ የሚነሱ ናቸው።

ችግሩ በእርግጥ ይህ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ተጠቃሚው የሚያየው ነገር ብዙ አይነግራችሁም። ሶፍትዌር ሴንተር በሚባለው የመጫኛ መስኮት ላይ ዜሮ ፐርሰንት ብሎ ይቆማል። ይኸው ነው። ኔትወርክ ሲዘገይም ይኸው፣ ፓኬጅ ሲጠፋም ይኸው።

ሎግ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የሠራውን የሚመዘግብበትን ፋይል፣ ክፈቱ። ሎጎቹ ሲ ድራይቭ ላይ፣ ዊንዶውስ ውስጥ፣ ሲሲኤም የሚለው ፎልደር ውስጥ፣ ሎግስ ውስጥ ናቸው። በኖትፓድ ከማየት ሲኤም ትሬስ በሚባለው ማንበቢያ ክፈቷቸው። ስህተቱን በቀይ ስለሚያሳይ ዓይን አያደክምም።

ሦስት ሎግ ይበቃችኋል። ኤግዜክ ማናጀር የትኛው ፕሮግራም ሊሄድ እንደተነሳ ይነግራችኋል። ሎኬሽን ሰርቪስስ ፋይሉ የት እንዳለ ሲጠይቅና ሲመለስለት ያሳያል። ኮንቴንት ትራንስፈር ማናጀር ደግሞ ማውረዱ የት እንደቆመ ይጽፋል።

ልዩነቱ ያለው ሎኬሽን ሰርቪስስ ላይ ነው። እዚያ ላይ የማከፋፈያ ሰርቨሮቹ (ፋይሎቹን ለኮምፒውተሮቹ የሚያድሉት) ዝርዝር ባዶ ሆኖ መመለሱን የሚናገር መስመር ካያችሁ፣ ሰርቨሩ «ይህን የያዘ ማንም የለኝም» ብሏል ማለት ነው። ፓኬጁ ተሰርዟል፣ ወይም ለዚያ ቅርንጫፍ አልተላከም። ዝርዝሩ ባዶ ሳይሆን አድራሻ ይዞ ከመጣና ማውረዱ 404 ላይ ከቆመ ግን ነገሩ ሌላ ነው። መዝገቡ «አለ» ይላል፣ ፋይሉ ግን ቦታው ላይ የለም። ይህ የሚጠገነው ማከፋፈያው ሰርቨር ላይ እንጂ ክላየንቱ ላይ አይደለም። ሁለቱን ሳትለዩ ማንኛውንም ነገር አትንኩ።

አንድ ነገር ልጨምር። ኮንቴንት ትራንስፈር ማናጀር ሥራ ሲጀምር የመጠበቂያ ጊዜውን በሰከንድ ይጽፋል። ለቦታ ፍለጋው 604800 የሚል ቁጥር ታያላችሁ። 7 ቀን ማለት ነው። ሰውየው «ሳምንት ሙሉ እየዞረ ነው» ቢላችሁ አላጋነነም።

የትኛው ኮምፒውተር እንደሚጠይቅ እንዴት አገኛለሁ? ሰዓቱስ ለምን አይገጥምልኝም?

ከሰርቨሩ ጀምሩ። ማኔጅመንት ፖይንቱ ላይ፣ ማለትም ክላየንቶቹ ትዕዛዝ የሚጠይቁት ሰርቨር ላይ፣ ያለው የሎኬሽን ሎግ የመጣውን ጥያቄና የሄደውን መልስ ይይዛል። ማከፋፈያው ሰርቨር ላይ ደግሞ የአይአይኤስ፣ ማለትም የዌብ ሰርቨሩ፣ ሎግ አለ። በፓኬጁ መለያ ፈልጉ። መለያው ስምንት ቁምፊ ነው፤ ሦስቱ የሳይት (የኮንፊግሬሽን ማኔጀር ተከላችሁ) ኮድ፣ አምስቱ ተራ ቁጥር። በአጠገቡ የጠያቂውን የአይፒ አድራሻ ታገኛላችሁ። አድራሻዎቹን በቅርንጫፍ ስትከፋፍሏቸው ነገሩ ወዲያው መልክ ይይዛል። ሁሉም ከአንድ ቅርንጫፍ ከሆኑ ችግሩ የቅርንጫፉ ነው። ከየቦታው አንድ አንድ ከሆኑ ብዙ ጊዜ ጠፍተው የቆዩ ላፕቶፖች ናቸው።

ሰዓቱ ግን ብዙ ሰው አሳስቷል። እኔንም ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል። አንዲት የሒሳብ ክፍል ባልደረባችን ደወለችልኝ። «ወንድሜ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ዜሮ ላይ ቆሞብኛል» አለችኝ። የክላየንቷን ሎግ ከፈትኩ። 8፡12 ይላል። ይህ ግልጽ ነው፤ የእኛ ሁለት ሰዓት በዊንዶውስ አቆጣጠር ስምንት ነው። ከዚያ ማከፋፈያው ሰርቨር ላይ የአይአይኤስ ሎግ ከፍቼ 8፡12 ላይ ፈለግኩ። ምንም የለም። «ጥያቄው ሰርቨሩ ጋ አልደረሰም» ብዬ ወደ ኔትወርክ ዞርኩ። ስዊች ቀየርኩ፣ ኬብል ለወጥኩ።

ጥያቄው ደርሶ ነበር። የተጻፈው 5፡12 ላይ ነው። አይአይኤስ በተለመደው አሠራሩ የሚጽፈው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ ከእኛ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ አንድ ነገር በሦስት ዓይነት ሰዓት ይነገራል። ተጠቃሚው ሁለት ይላል፣ ክላየንቱ ስምንት ይላል፣ ዌብ ሰርቨሩ አምስት ይላል። የክላየንቱን ሎግ በኖትፓድ ብትከፍቱት ከሰዓቱ ኋላ 180 ሲቀነስ የሚል ታያላችሁ። ያ ከዓለም አቀፉ ሰዓት ያለን የሦስት ሰዓት ልዩነት በደቂቃ ነው። ወረቀት ላይ ሦስቱን ጎን ለጎን ጽፋችሁ ጀምሩ።

ፓኬጁን በዚያው ስም መልሼ ብፈጥረውስ?

አይሠራም። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሞክረው ይህን ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ክላየንቱ ፓኬጁን በስሙ አያውቀውም። የሚያውቀው በመለያው ነው። በዚያው ስም፣ ከዚያው ፎልደር፣ በዚያው ቨርዥን ብትፈጥሩት ሲስተሙ አዲስ መለያ ይሰጠዋል። ኤክስፖርት አድርጋችሁት ከነበረና መልሳችሁ ኢምፖርት ብታደርጉትም አዲስ መለያ ነው የሚያወጣው። የቀድሞውን የሚጠይቀው ኮምፒውተር የቀድሞውን መጠየቁን ይቀጥላል። እናንተም አሁን በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ነገሮች ኖሯችሁ፤ አንዱ ሙት፣ አንዱ ሕያው። ሎጉን የሚያነብ ሌላ ባለሙያ ሲመጣ ግራ ይጋባል።

የድሮውን መለያ የሚመልሰው የሳይቱን ባክአፕ መመለስ ብቻ ነው። ለአንድ ፓኬጅ ብላችሁ ሙሉ ሳይት ወደ ኋላ አትመልሱም። ከባክአፑ በኋላ የተሠራው ሁሉ አብሮ ይሄዳልና።

ፓኬጁ አሁንም የሚያስፈልግ ከሆነ አዲስ ፍጠሩ፣ አዲስ ዲፕሎይመንት ስጡት፣ የድሮውን ይጠሩ የነበሩትን ቦታዎች ሁሉ አንድ በአንድ ወደ አዲሱ አዙሩ። የማያስፈልግ ከሆነ ደግሞ ምንም አትፍጠሩ። ሥራው ጠያቂውን ዝም ማሰኘት ነው።

ዊንዶውስ ስንጭን ገና ሳይጀምር ይቆማል። አንድ ፓኬጅ አላገኘሁም ይላል። ያንን ፓኬጅ ግን አንጠቀምበትም!

ታስክ ሲኩዌንሱን፣ ማለትም ዊንዶውስን ደረጃ በደረጃ የሚጭነውን የትዕዛዝ ዝርዝር፣ ክፈቱና የተዘጉትን ደረጃዎች ተመልከቱ።

ታስክ ሲኩዌንስ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሚያስፈልገውን ሁሉ ይቆጥራል። ከሚቆጥረው ውስጥ አንድ ብቻ ከጎደለ አይነሳም። «ይህን ደረጃ ዘግቼዋለሁ» ማለት ከቆጠራው አያወጣውም። የተዘጋው ደረጃ የሚጠራው ፓኬጅ ከዝርዝሩ ውስጥ እንዳለ ይቆያል። እንዲህ ዓይነት ደረጃ ብዙ ጊዜ የድሮ ፕሪንተር ድራይቨር ነው፤ ወይም ከዓመታት በፊት የተተወ አንቲቫይረስ። ማንም አያስታውሰውም። አንድ ቀን ዲስክ ሲሞላ ማንም የማያስታውሰው ይሰረዛል። በማግስቱ አሥር አዲስ ኮምፒውተር ሊጫን ሲል ሁሉም ይቆማል።

ደረጃውን አትዝጉት፤ አውጡት። ታሪኩን ማስቀመጥ ከፈለጋችሁ ታስክ ሲኩዌንሱን ኮፒ አድርጋችሁ ኮፒውን ያለ ዲፕሎይመንት አስቀምጡ። ኮንሶሉ ላይ ታስክ ሲኩዌንሱን ስትመርጡ ከታች ሪፈረንስስ የሚል ገጽ አለ። የሚጠራቸውን ሁሉ ከነመለያቸው ይዘረዝራል። ባዶ ስም ወይም ያልተላከ ነገር ያለበትን መስመር እዚያው ታገኙታላችሁ።

በዚሁ መንገድ የሚደበቅ ሌላም አለ። የድሮዎቹ ፓኬጆች ፕሮግራም ላይ «ከዚህ በፊት ሌላ ፕሮግራም አስኪድ» የሚል ምርጫ አላቸው። ሀ የሚባለውን ለማስኬድ ለ ይቀድማል። ለ ሲሰረዝ የሚወድቀው ሀ ነው። ሎጉ ላይ የሚታየው ግን የ«ለ» መለያ ነው። ሀን የሚያዘው ሰው ለ ምን እንደሆነ ሰምቶ አያውቅም።

ካሹን ባጸዳ ይፈታል?

አይፈታም። ካሹ የወረደ ፋይል ማስቀመጫ ነው፤ ሳይቀየር ከቆየ 5 ጊጋ ባይት ነው። እናንተ ያስቸገራችሁ ያልወረደው ነው። ደግሞ ኔትወርኩ ቀጭን በሆነ ቅርንጫፍ ካሹን ባዶ ማድረግ ጉዳት አለው። በስንት ልፋት የወረደው ሌላ ነገር አብሮ ይጠፋና እንደገና ይወርዳል።

ታዲያ ክላየንቱ የድሮውን ትዕዛዝ እንዲተው ምን ላድርግ?

ከቀላሉ ጀምሩ።

ኮምፒውተሩ በርቶ ኔትወርክ ካለው ከኮንሶሉ ፖሊሲ አውርድ ብላችሁ ላኩለት። ክላየንት ኖቲፊኬሽን የሚለው ውስጥ ታገኙታላችሁ። ለአንድ ኮምፒውተርም ለሙሉ ኮሌክሽንም (በአንድ ላይ ለተመደቡ ኮምፒውተሮች) ይሠራል። አጠገቡ ከሆናችሁ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ኮንፊግሬሽን ማኔጀርን ክፈቱና አክሽንስ ከሚለው የማሽን ፖሊሲውን አስኪዱ። ከዚያ ጥቂት ደቂቃ ታገሡ። ወዲያው ደጋግማችሁ አትጫኑት፤ መጀመሪያ ይወስዳል፣ ቀጥሎ ያገናዝባል፣ ሁለቱ በየተራቸው ነው የሚሆኑት። አብዛኛው ችግር እዚህ ላይ ያልቃል።

ካላለቀ ፖሊሲውን ሙሉ በሙሉ ዳግም ማስጀመር አለ። ክላየንቱ የያዘውን ትዕዛዝ ሁሉ ጥሎ ከሰርቨሩ እንደ አዲስ ይወስዳል። ይህን ለአንድ ለሁለት ኮምፒውተር አድርጉት። ለመቶ ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ ካደረጋችሁት ሁሉም በአንድ ጊዜ ሙሉ ፖሊሲ ሊወስዱ ይመጣሉ፤ የቅርንጫፉ መስመር ይታነቃል።

ይህም ካልሠራ ዊንዶውስ ራሱ የሚጠቀምበት ደብሊውኤምአይ የተባለው ማከማቻ ተበላሽቷል ብላችሁ ጠርጥሩ። ፖሊሲው የሚቀመጠው እዚያ ነው። ዩፒኤስ በሌለበት ቢሮ መብራት ቦግ እልም ሲል ከሚጎዱት አንዱ ይኸው ነው። ምልክቱ ክላየንቱ አዲስ ፖሊሲም አለመቀበሉ፣ የድሮውንም አለመልቀቁ ነው። ያን ጊዜ ክላየንቱን መጠገን፣ አልሆን ሲል አውጥቶ እንደገና መጫን ይሻላል። ኮምፒውተሩን ፎርማት ማድረግ ግን አያስፈልግም። ይህን የምለው የሰው ሥራ ያለበት ዲስክ ለዚህ ሲባል ሲጠፋ ስላየሁ ነው።

ፖሊሲውን አድሻለሁ፤ አሁንም የሚጠይቅ አለ። ምን ቀረ?

ጠያቂው ክላየንቱ ላይሆን ይችላል። ከዓመታት በፊት የተጻፈ፣ ተጠቃሚው ሲገባ ራሱ የሚነሳ የሎጎን ስክሪፕት ፋይሉን በቀጥታ ከሼር ፎልደሩ ይጠራ ይሆናል። ግሩፕ ፖሊሲ የሚባለው የዊንዶውስ የራሱ ትዕዛዝ ይሆናል። ወይም አንድ ታታሪ ባልደረባ ዴስክቶፕ ላይ ያስቀመጠው ሾርትከት። እነዚህ የኮንፊግሬሽን ማኔጀርን ትዕዛዝ አይሰሙም። ምልክቱ ይህ ነው፤ ሰርቨሩ ላይ ጥያቄው አለ፣ የክላየንቱ ሎጎች ላይ ግን ስለዚያ መለያ አንድም መስመር የለም።

ፓኬጁን አልሰረዝኩትም። ቅርንጫፉ ግን የለም ይላል።

ይህ እኛ ጋ ከእውነተኛው ስረዛ እኩል ይመጣል።

ፓኬጅ ወደ ማከፋፈያ ሰርቨር ስትልኩ መንገዱ ከተቋረጠ ሲስተሙ ይደጋግማል። ሳይቀየር የቆየው ቁጥር 100 ጊዜ፣ በየ30 ደቂቃው ነው። 50 ሰዓት ማለት ነው። ብዙ ይመስላል። ዓርብ ከሰዓት ልካችሁ፣ ማታ መብራት ሄዶ፣ ሰኞ ጠዋት ቢመጣ ግን 50 ሰዓቱ አልፏል። ሲስተሙ ተስፋ ቆርጦ ቆሟል። ሰኞ የሚመጣው ሠራተኛ የሚያየው ልክ እንደተሰረዘ ፓኬጅ ነው፤ ባዶ ዝርዝር። ኮንሶሉ ላይ የኮንቴንቱን ሁኔታ እዩ። ቀይ ከሆነ እንደገና ላኩት።

መስመሩ በጣም ቀጭን ለሆነ ቅርንጫፍ ሌላ መንገድ አለ። ፓኬጁን ፕሪስቴጅድ ኮንቴንት አድርጋችሁ አንድ ፋይል ታወጡታላችሁ። በኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ጭናችሁ በመኪና ትልኩታላችሁ። እዚያ ያለው ባለሙያ ማከፋፈያው ሰርቨር ላይ ያራግፈዋል። በሐይቁ ዙሪያ ቅርንጫፍ ላለን ለእኛ ብዙ ሌሊት ያተረፈ ነገር ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን ያዙ። ዲስኩ መንገድ ላይ ሳለ ዋናው ቢሮ ፓኬጁን ካሻሻለው ወይም ከሰረዘው የሚራገፈው ያለፈበት ነው። መኪናው ከወጣ በኋላ ያን ፓኬጅ ማንም እንዳይነካው ተነጋገሩ።

ባውንደሪ ግሩፕም እዩ፤ የትኛው የአይፒ ክልል ከየትኛው ማከፋፈያ እንደሚወስድ የሚወስነው እሱ ነው። ቅርንጫፉ ቢሮ ሲቀይር የአይፒ ክልሉ ይቀየራል። አዲሱን ክልል ማንም ካላስገባው ኮምፒውተሮቹ የማንም አይደሉም፤ ሰርቨሩም የሚያመላክታቸው ማከፋፈያ የለውም።

ማከፋፈያው ሰርቨር ላይ የተሰረዘው ፓኬጅ ፋይሎች አሁንም ዲስክ ይዘዋል። በእጄ ላጥፋቸው?

በእጃችሁ አትንኩ። የኮንቴንት ላይብረሪው ሦስት ክፍል አለው፤ ፓኬጅ ላይብ፣ ዳታ ላይብ፣ ፋይል ላይብ። አንድ ዓይነት ፋይል በአምስት ፓኬጅ ውስጥ ቢኖር የሚቀመጠው አንዴ ብቻ ነው። የተሰረዘው ፓኬጅ ነው ብላችሁ ያጠፋችሁት ፋይል የአራት ሕያዋን ፓኬጆችም ፋይል ሊሆን ይችላል። በማግስቱ እውነተኛው 404 ይጀምራል።

ለዚህ የተሠራ ማጽጃ አለ። ከ1702 ቨርዥን ጀምሮ ከኮንፊግሬሽን ማኔጀር ጋር አብሮ ይመጣል። ዝም ብላችሁ ስታስኬዱት ምንም አያጠፋም፤ ምን ሊያጠፋ እንደሚችል ብቻ ይዘረዝራል። ዝርዝሩን አንብቡ። ከዚያ በኋላ ነው አጥፋ የምትሉት።

አፕሊኬሽን ከሆነስ?

አፕሊኬሽን የሚባለው አዲሱ የሶፍትዌር መጫኛ ዓይነት ከድሮው ፓኬጅ የተሻለ ጥበቃ አለው። ዲፕሎይመንት ካለው፣ ሌላ አፕሊኬሽን ከተደገፈበት ወይም ታስክ ሲኩዌንስ ከጠራው ሲስተሙ አላጠፋም ይላችኋል። ብዙዎች በዚህ ጊዜ ሪታየር ያደርጉታል፣ ማለትም ሳይሰርዙ ከአገልግሎት ያወጡታል። ጥሩ ነው። ግን አንድ ነገር እወቁ፤ ሪታየር የተደረገና ዲፕሎይመንት የሌለው አፕሊኬሽን ከ60 ቀን በኋላ ራሱ ከኮንሶሉ ይሰረዛል። «አስቀምጬዋለሁ» ብላችሁ ዓመት ቆይታችሁ ብትፈልጉት አታገኙትም።

የምንጠቀመው ኡቡንቱ ነው። እኛም 404 ያጋጥመናል።

መነሻው ያው ነው። ኮምፒውተሩ የያዘው የፓኬጅ ዝርዝር አርጅቷል። ማከማቻው አዲስ ቨርዥን ሲያወጣ የቀድሞውን ያነሳዋል፤ የእናንተ ዝርዝር ግን የቀድሞውን ስም ይዞ ይጠራል። መጀመሪያ ዝርዝሩን የሚያድሰውን አፕት አፕዴት አድርጉ። ያለዚያ ኢንስቶል አትበሉ። ከአፕዴቱ በኋላም 404 ካለ የኡቡንቱውን ቨርዥን እዩ። በየስድስት ወሩ ከሚወጡት ተራዎቹ ድጋፍ የሚያገኙት ለ9 ወር ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ማከማቻቸው ወደ አሮጌዎቹ ቦታ ይዛወራል። ለቢሮ ኤልቲኤስ የሚባለውን ተጠቀሙ፤ 5 ዓመት ይደገፋል። የማከማቻውን ቅጂ የሚይዝ የራሳችሁ ሚረር ሰርቨር ካላችሁ ደግሞ ማመሳሰሉ መሃል ላይ ተቋርጦ እንዳይሆን ፈትሹ። ዝርዝሩ አዲስ፣ ፋይሉ ግን ገና ያልደረሰ ይሆናል።

ከመሰረዜ በፊት ምን ባደርግ ይህ ሁሉ አይመጣም?

ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ትዕዛዙን አንሱ። ዲፕሎይመንቱን ብቻ ሰርዙ፤ ፓኬጁም ፋይሉም ይቆዩ። ቀጥሎ ማን እንደሚጠራው ፈልጉ፤ ታስክ ሲኩዌንሶቹን፣ «ከዚህ በፊት አስኪድ» የሚሉትን። ከዚያ ጠብቁ። ፋይሉን ከማከፋፈያዎቹ አውጥታችሁ መዝገቡን የምታጠፉት መጨረሻ ላይ ነው።

ክርክሩ ያለው «ጠብቁ» የሚለው ላይ ነው። ስንት ጊዜ? ዋናው ቢሮ የተቀመጠ ሰው በዋናው ቢሮ ይለካዋል። «አንድ ሰዓት አለፈ፣ ሁሉም ወስዷል» ይላል። እኔም እንዲህ እል ነበር። ደቅ ደሴት ለሥራ የሄደ አንድ ባልደረባችን ነበር። ላፕቶፑን ይዞ በጀልባ ወጣ። ሦስት ሳምንት ቆየ። ከመውጣቱ በፊት በነበረው ቀን የአንድ ፕሮግራም ትዕዛዝ ላፕቶፑ ላይ ወርዶ ነበር። እኛ በመሃል ፓኬጁን ሰረዝን። ተመልሶ መጥቶ ላፕቶፑን ሲከፍት ላፕቶፑ መጀመሪያ ያደረገው አዲስ ፖሊሲ መጠየቅ አልነበረም። የቆየበትን ሥራ ሊፈጽም ተነሳ። ፕሮግራሙ ሌላውን የሚያስቀድም ስለነበር ሁለቱም ተንጠለጠሉ። ሪፖርቱን በዚያ ዕለት ማስገባት ነበረበት። አላስገባም።

ስለዚህ የምለካው በመጨረሻ በሚመጣው ኮምፒውተር ነው። ኮንሶሉ ላይ እያንዳንዱ ኮምፒውተር መጨረሻ ፖሊሲ የጠየቀበት ቀን አለ። ትዕዛዙን ካነሳሁበት ቀን በኋላ ያልጠየቁትን አንድ ዝርዝር አወጣለሁ። ዝርዝሩ ውስጥ በሥራ ላይ ያለ ሰው ላፕቶፕ እስካለ ድረስ ፓኬጁ ይቆያል። አንድ ወር ቢፈጅም ይቆያል። ጥቂት ጊጋ ባይት ዲስክ የአንድን ሰው የሥራ ቀን ያህል ውድ አይደለም።

ለሚደውለው ሰው ምን ልበለው?

እውነቱን፣ በቀላል ቋንቋ። «ያነሳነውን ፕሮግራም ኮምፒውተርህ ገና አልሰማም። ኔትወርክ ላይ እንደሰካኸው ለአንድ ሰዓት አታጥፋው። እኔ ከዚህ ሆኜ ትዕዛዙን አድሳለሁ።» በዕድሜ የሚበልጧችሁ ከሆኑ «አያጥፉት» በሉ፣ ተረጋግታችሁ። አስር ጊዜ ሪስታርት አድርጉት አትበሏቸው፤ በየሪስታርቱ ክላየንቱ ከመጀመሪያው ይነሳል፣ ፖሊሲው ሳይደርስለት ይጠፋል። ሰዓቱን ስትጠይቁ «በእርስዎ ስንት ሰዓት ነበር?» በሉና የነገሯችሁን እንዳለ ጻፉት። ስድስቱን ሰዓት እናንተ ትጨምሩበታላችሁ። በማግስቱ ጠዋት መልሳችሁ ደውሉላቸው።